ከአርባ ዓመት በኋላ ለቅሶ መድረስ፦ የአንፊልድ ስታዲየም ጉብኝት

አጎቴ ከአዲስ አበባ ወደ እንግሊዝ አገር ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ለንደንን ላሳያቸው ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሊቨርፑል ከተማ ሄደው የሊቨርፑል እግር ኳስ ክለብ የቀድሞ አሠልጣኝ ቢል ሻንክሊ ያሠለጠነበትን የአንፊልድ ስታዲየምን በዓይናቸው ማየት ነበር ምኞታቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁት ሰው ነው፤ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት» አሉኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የስታዲየም ጉብኝት ግምገማ ቢሆንም፣ ጉብኝቱን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ የሚወደው አሠልጣኝ የሞተበትና ኀዘኑን ሳይወጣ የቀረ ደጋፊ ወደዚህ ቦታ ቢመጣ፣ የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞ ይመለሳል ወይ?

ሻንክሊ ያረፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1981 ነበር። ልቡን ታምሞ በገባበት ሆስፒታል ነው በ68 ዓመቱ የሞተው። አጎቴ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ፤ ዜናውን የሰሙት ባትሪው እየደከመ በሚያስቸግር የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ከእንግሊዝኛው ግማሹን እየተረዱ፣ ግማሹን እየገመቱ ነበር። ቤት ውስጥ አብሯቸው የሚያለቅስ አልነበረም፤ ለማንም ቢነግሩ «እሱ ደግሞ ማነው?» ከመባል እንደማያመልጡ ያውቁ ነበር። ሰው አልቃሽ በሌለበት ብቻውን የያዘው ኀዘን እንደማይወጣለት የአገራችን ሰው ያውቃል፤ ለቅሶ ደራሽ የሚባለው ሥርዓትም የተሠራው ለዚሁ ነው።

ከሊቨርፑል ላይም ስትሪት ባቡር ጣቢያ ስንወርድ ታክሲ ልጥራ ብላቸው እምቢ አሉ። የከተማው ሰው በሚሄድበት መሄድ ስለፈለጉ ከኩዊን ስኩዌር በሚነሣው 17 ቁጥር አውቶቡስ ሄድን። ይህን ለሌሎች ጎብኚዎችም እመክራለሁ፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ አውቶቡሱም በቀያይ ሸክላ ጡብ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ የሠራተኛ ቤቶች መካከል አልፎ ነው ስታዲየሙ አጠገብ የሚያደርስ። አንፊልድ ከመኖሪያ ሰፈር መሐል በቅሎ የተነሣ የሚመስል ስታዲየም ነው። ሻንክሊም ከዚህ ዓይነት ሰፈር ሰዎች ጋር የኖረ ነበር። ግሌንበክ በምትባል፣ ዛሬ ፈርሳ ነዋሪ በሌላት የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን መንደር ከአሥር ልጆች ዘጠነኛው ሆኖ ተወለደ፤ እሱም ወደ እግር ኳስ ከመግባቱ በፊት ማዕድን ውስጥ ሠርቷል። ታላቅ አሠልጣኝ ከሆነም በኋላ ከክለቡ የልምምድ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ተራ ቤት ነበር የሚኖረው፤ ደጋፊዎች ለሚጽፉለት ደብዳቤ ራሱ በታይፕ እየመታ መልስ ይሰጥ እንደነበር በከተማው ውስጥ ዛሬም ይነገራል።

የጉብኝቱ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ በር ላይ እገዛለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም። ጨዋታ ባለበት ቀን መደበኛው ጉብኝት ስለማይኖር መርሐ ግብሩን አይቶ ቀን መምረጥ ያስፈልጋል። እኛ ከሰዓታችን ቀደም ብለን ስለደረስን፣ ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሐውልቱ ዘንድ ሄድን፤ አሁን ሳስበው ይህ በአጋጣሚ የሆነው ቅደም ተከተል ከሁሉ የሚሻለው ነው። ትኬት የሌለውም ሰው ቢሆን እስከዚህ ድረስ ማንም አይከለክለውም።

የሻንክሊ ሐውልት የቆመው ከኮፕ ውጭ ነው። ኮፕ ማለት ከግቡ በስተጀርባ ያለው፣ ድሮ ደጋፊው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆሞ ይዘምርበት የነበረው የስታዲየሙ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የቆመው ይህ የነሐስ ሐውልት ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሻንክሊ የደጋፊ ስካርፍ አንገቱ ላይ አድርጎ ሁለት እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቷል። የዚያ ስካርፍ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊቨርፑል የሊጉን ዋንጫ ባነሣበት ቀን ሻንክሊ ወደ ኮፕ ሄዶ ደስታውን ሲገልጥ አንድ ደጋፊ ስካርፉን ወረወረለት፤ አንድ ፖሊስም ስካርፉን በእግሩ ገፋ አደረገው። ሻንክሊ ያን ጊዜ ፖሊሱን ተቆጥቶ፣ ይህ ጨርቅ ለባለቤቱ ሕይወቱ ሊሆን እንደሚችል ነግሮት፣ ስካርፉን ከመሬት አንሥቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ወደ ሐውልቱ ጠጋ ብለው የነሐሱን ስካርፍ ጫፍ በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉት። ብዙ ሰው የሚነካው ስለሆነ ይሁን፣ ከዝናብ ይሁን አላውቅም፣ ከታች በኩል ያለው ነሐስ ከላዩ ይልቅ ያበራ ነበር።

ከሐውልቱ ሥር ስሙ ተጽፎ፣ ቀጥሎ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተቀርጸዋል። እኔ «ሕዝቡን አስደሰተ ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩላቸው። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አስደሰተ ማለት ላንድ ቀንም ይሆናል፤ ዘፋኝም ያስደስታል» አሉኝ። ሌላ ቃል እፈልጋለሁ ብዬ ተውኩት።

ወደ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይሰጠዋል፤ መሣሪያው በየደረሱበት ክፍል ስለ ቦታው ይተርካል። በየማቆሚያው ደግሞ የክለቡ ሠራተኞች ቆመው ይጠብቃሉ፤ እኔ ከመሣሪያው ይልቅ እነሱን መስማት መርጫለሁ። ለአጎቴ በአማርኛ እየተረጎምኩ ስለነበር ከቡድኑ ወደኋላ እንቀር ነበር፤ ማንም ግን አላጣደፈንም፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃ በበዛበት ቦታ ሁሉ ሊፍቱን አሳይተውናል። ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉብኝቱ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ተስፋፍቶ ከተከፈተው ከዋናው ትሪቡን የላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ ሆኖ ሜዳው ከነሙሉ አረንጓዴው፣ ኮፕም በአንድ በኩል እንደ ተራራ ወገብ ተዳፋት ሆኖ ይታያል። ከላይ ያለው እይታ ያማረ ቢሆንም፣ እኛ ለመጣንበት ጉዳይ ብዙ የሚጨምር ነገር ስለሌለው በዚያ ብዙ አልቆየንም። የጋዜጠኞች መግለጫ ክፍልም ሰዎች ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ ፎቶ የሚነሡበት ነው፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ደስ ይላል። የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ማልያዎቹ በየቦታቸው ተሰቅለው ይታያሉ፤ የእንግዳው ቡድን ክፍል በአንጻሩ ተራ ነው። አጎቴ የዛሬዎቹን ተጫዋቾች ስም እያነበቡ አለፉ እንጂ አልቆሙም።

የቆሙት ወደ ሜዳ በሚያወጣው መተላለፊያ ውስጥ ነው። እዚያ ከአናት በላይ «ይህ አንፊልድ ነው» የሚለው ታዋቂ ሰሌዳ አለ፤ ያሰቀለው ሻንክሊ ነበር። ምክንያቱን ሲናገር፣ የእኛ ልጆች ለማን እንደሚጫወቱ፣ ባላጋራዎችም ከማን ጋር እንደሚጫወቱ እንዲያውቁ ነው ብሎ ነበር። እዚያ የምትሠራው ሴት ይህን ስትነግረን ሻንክሊን የምትጠራው በስሙ ብቻ ሆኖ፣ የምታወራውም ትናንት አብሯት ቡና እንደጠጣ ጎረቤት ነበር። በዕድሜዋ ልታውቀው የማትችል ሰው ናት። ቢሆንም አያቷ ከኮፕ ደጋፊዎች አንዱ እንደነበሩና ሻንክሊ በሞተ ሳምንት ቤታቸው ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ እንዳልተናገረ ነገረችን። ያን ስተረጉምላቸው አጎቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። የአገራችን ሰው ለባለ ለቅሶ የሚያደርገው አክብሮት ነበር፤ እሷም ቋንቋውን ባታውቅ የተረዳችው መሰለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ንግግሯን አቋርጣ ቆየች።

ከመተላለፊያው ወጥተን ሜዳው ዳር በደረስን ጊዜ የሆነው ነው ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያደረገኝ። ሣሩን መርገጥ የተከለከለ ነው፤ ገመድም ሠራተኛም አለ። አጎቴ ዙሪያውን አይተው «ለመሆኑ መቃብሩ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደምመልሰው ግን አላሰብኩበትም። አስከሬኑ እንደተቃጠለና አመዱ በዚሁ ሜዳ ላይ፣ በኮፕ በኩል ባለው ግብ አካባቢ እንደተበተነ ነገርኳቸው። ለእኛ አስከሬን ማቃጠል የሚከብድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ኮፕ በኩል ዞሩና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «እንግዲያው መቃብሩ ይሄ ሁሉ ነዋ፤ ነፍሱን ይማር» አሉ። ቀጥሎም ሣሩ ላይ ሊራመድ የሞከረ አንድ ትንሽ ልጅ ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው በአማርኛ «ተው ልጄ!» አሉት። ሠራተኛው የከለከለው ሣሩ እንዳይጎዳ ሲሆን አጎቴ የከለከሉት በሌላ ምክንያት ነበር።

እዚያው ቆመን የስዋንሲውን ጨዋታ አወራኋቸው። ሻንክሊ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1981፣ ሊቨርፑል በዚህ ሜዳ ስዋንሲን አስተናገደ። የስዋንሲ አሠልጣኝ ጆን ቶሻክ ነበር፤ ሻንክሊ እ.ኤ.አ. በ1970 ከካርዲፍ አስመጥቶ ለታላቅነት ያበቃው አጥቂ። የሕሊና ጸሎት ሊደረግ ሁለቱ ቡድኖች በተሰለፉ ጊዜ ቶሻክ የስዋንሲን ቱታ ከላይ አወለቀ፤ ከሥሩ የለበሰው የሊቨርፑልን ቀይ ማልያ ነበር። ሊያሸንፈው የመጣውን ክለብ ማልያ ለብሶ፣ በራሱ ተጫዋቾች ፊት ላሳደገው ሰው ቆሞ አዘነለት። ጨዋታው 2 ለ 2 ተጠናቀቀ፤ ስዋንሲ 2 ለ 0 ከመራ በኋላ ቴሪ ማክደርሞት በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አቻ አደረገ። በእኔ አስተያየት በእግር ኳስ ታሪክ ለሞተ አሠልጣኝ ከተደረጉ የኀዘን መግለጫዎች ሁሉ የቶሻክን የሚያህል ጥቂት ነው።

ደጋፊው ለሻንክሊ ያዘነው ግን በሞቱ ጊዜ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1974 በድንገት ሥራውን መልቀቁን ባስታወቀ ጊዜ ከተማው ማመን አቅቶት ነበር፤ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ወሬውን ሲነግራቸው ልጆች «ውሸትህን ነው» እያሉ ሲከራከሩት የሚያሳየው ፊልም ዛሬም አለ። የፋብሪካ ሠራተኞችም ካልተመለሰ ሥራ እናቆማለን ብለው ነበር ይባላል። ያ ሰው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ የነበረን ክለብ በ1959 መጨረሻ ተረክቦ በ1962 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አወጣው፤ በ1964፣ በ1966 እና በ1973 የሊጉን ዋንጫ፣ በ1965 ክለቡ ከዚያ በፊት አግኝቶት የማያውቀውን የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኤፍኤ ካፕን፣ በ1973 የዩኤፋን ዋንጫ፣ በ1974 ደግሞ ሁለተኛውን ኤፍኤ ካፕ አመጣ። ቀዩን ማልያ ከቀይ ቁምጣና ከቀይ ካልሲ ጋር ያዋሐደውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ከአንደርሌክት ጋር በተደረገው ጨዋታ።

ሙዚየሙ በትኬቱ ውስጥ የሚካተት ሲሆን ሕዝብ የሚጎርፈው ስድስቱ የአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫዎች ወዳሉበት ነው። አጎቴ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ 1977፣ 1978፣ 1981፣ 1984፣ 2005፣ 2019። ከነዚህ ውስጥ ሻንክሊ ያነሣው አንድም የለም፤ በ1965 ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ኢንተር ሚላንን አንፊልድ ላይ 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ሚላን ላይ 3 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያነሣው ረዳቱ የነበረው ቦብ ፔዝሊ ነው። ሦስተኛው የተነሣው በግንቦት 1981፣ ሻንክሊ ሊሞት አራት ወር ሲቀረው ነበር። አጎቴ በዚህ አዘኑ፤ እኔ ግን ቤቱን የሠራ ሰው ሌሎች ሲገቡበት አይቶ መሞቱ ጥሩ ነው ብዬ ነው የማየው። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የእኔ ዘመን ኀዘን ደግሞ ሌላ ነው፤ በ2001 በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ ያመጣልን ዠራር ሁሊዬ በታኅሣሥ 2020 ሲሞት ዓለም በወረርሽኙ ተዘግቶ ስለነበር እንደ ወጉ ተሰባስበን ልናለቅስለት አልቻልንም።

ስለ ግዢ በአጭሩ ልናገር። በክለቡ መደብር ውስጥ የድሮዎቹን የሚመስሉ ማልያዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ ነገር ግን ስፌታቸውና ጨርቃቸው ጥሩ ነው። ስታዲየሙ አካባቢ ከአንድ የመንገድ ሻጭ የገዛሁት የሻንክሊ ምስል ያለበት ስካርፍ ግን በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለቅቆ የአጎቴን ነጭ ሸሚዝ አበላሸብኝ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማስታወሻ የሚገዛ ሰው ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠበው፤ ወይም ከነጭራሹ አይጠበው።

ከወጣን በኋላ በአንፊልድ ሮድ በኩል ወዳለው የሻንክሊ በር ሄድን። በሩ የተከፈተው በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ሲሆን የከፈተችው ባለቤቱ ኔሲ ናት፤ ከላዩ «ብቻህን አትሄድም» የሚለው የክለቡ መዝሙር ቃል በብረት ተሠርቶበታል። በሚያዝያ 1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ባለቁ ጊዜ ሕዝቡ አበባና ስካርፍ ይዞ የመጣው ወደዚህ በር ነበር። ለአንድ አሠልጣኝ መታሰቢያ የተሠራ በር፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የከተማው ሁሉ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። እኛ በሄድንበት ቀንም ብረቱ ላይ የታሰሩ ጥቂት ስካርፎች ነበሩ፤ ዝናብ ያደበዘዛቸው፣ አንዱ ላይ በእጅ የተጻፈ የሰው ስም ያለበት። አጎቴ ስሙን ለማንበብ ሞከሩና ፊደሉ ስለጠፋ ተዉት፤ ቢሆንም ያን ስካርፍ ከተጠማዘዘበት አስተካክለው፣ ቋጠሮውን አጥብቀው አሰሩት። ስለ ይድነቃቸው ተሰማም ያነሡት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩትን ሰው፣ እንዲህ ወጪ ወራጁ እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ቢኖረን ምን ነበር አሉ።

በጠዋቱ ለራሴ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ አዎን ነው። ትኬቱ ዋጋውን ያወጣል፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን ከውጭ ጀምሮ በውጭ ይጨርስ፤ መጀመሪያ ሐውልቱ፣ በመጨረሻ በሩ። ከውስጥ ደግሞ ሜዳው ዳር ሲደርስ ከቡድኑ ወደኋላ ይቅርና በኮፕ በኩል ያለውን ግብ ዝም ብሎ ይይ። ጉብኝቱ ራሱ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከሙዚየሙና ከውጪው ጋር ግማሽ ቀን ቢመደብለት አይበዛም።

ወደ ለንደን በሚመልሰን ባቡር ውስጥ አጎቴ የኪስ ማስታወሻቸውን አውጥተው ሲጽፉና ሲሰርዙ ቆዩ። ክሩ የሚባለው ጣቢያ ላይ ስንደርስ ማስታወሻውን አዙረው አሳዩኝ። «ቢል ሻንክሊ» ከሚለው ሥር «ሕዝቡን አስደሰተ» ተሰርዟል፤ «ሕዝቡን ደስ አሰኘ» የሚለውም ተሰርዟል። ከሁሉ በታች፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ለሰው ደስታ ሆነ» ይላል።